ሦስት ሰርጓጅ መርከቦችና አንዲት ቢጫ ባልዲ

ካልጋሪ፣ ጥር 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣ ለእናቴ ወንድም፤

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ወገብዎትስ? ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሱ «ሞተሩን አስነሱልኝ» ይላሉ? እኔ እግዜር ይመስገን ብረት ነኝ። እዚህ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል፤ እኔ ግን ጃኬቴን ሳልቆልፍ ነው ሺፍት የምገባው። ፈረንጁ እያየ ይገረማል።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ተናደድኩ። በርስዎ አይደለም፣ በጋሽ አባይነህ ነው። ምፅዋ አብረውዎት መርከብ ላይ ስለሠሩ፣ ሻይ ቤት ሰው መሃል «ያ ልጅ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ከሠራ እኔ ጳጳስ ነኝ» አሉ? እርስዎም «የእህቴ ልጅ ዋሽቶ ከሆነ ሁለተኛ እዚህ አልቀመጥም» ብለው ማሉ? ኧረ ጋሼ፣ ምን አስቸኮለዎት! ባሕር ኃይሉ ከተበተነ ወዲህ የቀረችዎት ያቺ ወንበር ናት።

ለማንኛውም የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። በላክሁልዎት ፎቶ ላይ ስላዩዋት ባልዲ ትንሽ ቆይተን።

«ካርታ አየሁ፣ ካልጋሪ ባሕር የላትም» ብለዋል። የላትም። ሜዳና ላም ነው። ባሕሩ ሃሊፋክስ ነው፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት። እኔ ያለሁት የባሕር ኃይሉ ተጠባባቂዎች የሚሠለጥኑበት ሕንፃ ነው፤ ጎኑ ሙዚየም አለው። ግን የሰርጓጅ ዋና ሥራው መደበቅ አይደል? እንግዲህ እንደኔ የተደበቀ ማን አለ?

ሙዚየሙ በር ላይ ዎሊ የሚባል ሽማግሌ አለ። ሃያ ዓመት ሰርጓጅ ውስጥ ኖሮ አሁን ጎብኚ ይቀበላል፤ ቤቱ እዚሁ ካልጋሪ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር ነው። «ሰርጓጆቹ ስንት ናቸው? ማንስ ያዛቸዋል?» ያሉትን ጥያቄዎን ስተረጉምለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሦስት ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ስኳድሮኑ፣ የሰርጓጆቹ ቡድን ማለት ነው፣ ይኸው ሦስት መርከብ ነው አለኝ። አንዷ ባሕር ላይ ናት፣ አንዷ ለመውጣት ትዘጋጃለች፣ አንዷ ሆዷ ተዘርግፎ ጥገና ላይ ናት። «ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ወይ በዓል ነው ወይ አንዱ ተሳስቷል።» እያንዳንዷ የራሷ ካፒቴን አላት። የሁሉም አለቃ፣ የስኳድሮኑ አዛዥ ግን የሚቀመጠው የት መሰለዎት? መሬት ላይ! መሐንዲሱ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ አሠልጣኙ ከሱ ስር ናቸው። መርከበኛ ሲታመም ተተኪ የሚልከው፣ መርከቧ ለመውጣት ደርሳለች አልደረሰችም የሚለው እሱ ነው። ሥራቸው ደግሞ ጠላት መምሰል! የገዛ አገራቸው መርከብና አውሮፕላን ፍለጋ እንዲለማመድ እነሱ ከስር ይደበቃሉ። ድብብቆሽ በደሞዝ ይበሉት። በዚያ ሰዓት ያንኮራፋ ሰው በክርን ነው የሚቀሰቀሰው አለኝ።

ይኼን ሁሉ አውርቶ ሲያበቃ «ይኼን የጠየቀ ሰው ሞተር በእጁ ፈቶ የገጠመ ነው» አለ። ስለ መርከብዎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ «አንተስ ሥራዬ ምንድነው ብለኸዋል?» ሲለኝ ነገርኩት። ባልዲዋን አየ፣ እኔን አየ።

እንግዲህ ባልዲዋ። ሃያ ሰው ፎቶውን አይቶ ኮፍያዬን ሲያደንቅ፣ እርስዎ ብቻ «ከኋላህ ያለችው ባለ ጎማ ቢጫ ባልዲ ምን ትሠራለች?» አሉኝ። ጋሼ፣ ድንገት ውሃ ቢገባ ነዋ! ሰርጓጅና ውሃ ቀልድ አያውቁም። ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ያቺን «ወለሉ ያዳልጣል» የምትል ቢጫ ምልክቴን ኮሪደሩ መሃል ካቆምኩ፣ እናቴ ትሙት፣ የሕንፃው አዛዥ ራሱ ከነወርቅ ማዕረጉ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው። ኮማንደር የሚያዞር ሌላ ሐበሻ እስቲ አንድ ይጥሩልኝ!

ከዚህ ጋር ዎሊ በእጁ የጻፈልዎት ሁለት ገጽ አለ። እንግሊዝኛ ነው፣ እርስዎ ኮርስ ላይ ተምረውታል። ቴምፕል ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ሩቤን «ላንብብልህ» ሲል ነጠቅኩት። መጀመሪያ ለብቻዎ ያንብቡት። አንደኛው ገጽ ስለ ሞተር ነው፤ ከርስዎ ጋር መጻጻፍ ይፈልጋል። እሱን ሻይ ቤት ወስደው ለጋሽ አባይነህ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፣ ወንበርዎም ላይ ተመቻችተው ይቀመጡ። ሁለተኛው ገጽ ስለኔ ነው። እሱን ቤት ይተዉት።

አንብበው ሲጨርሱ ግን ጋሼ፣ ዝም እንዳይሉኝ። ሰድበውኝም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ወገብዎትን ይማርልኝ። እጅዎ ከሥራ፣ አፍዎ ከጨዋታ አይለይ። እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለችው ኮፍያ ያቺው የፎቶዋ ናት። የዎሊ ናት። «ለአጎትህ ላካት» አለኝ። ለኔማ ድሮም ትሰፋኝ ነበር።

የእህትዎ ልጅ