ውጤቴ ለእኔው ይነገረኝ

ለሆስፒታሉ የማህፀን ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 14

ጉዳዩ፦ የናሙና ምርመራ ውጤቴ ለቤተሰብ ሳይሆን ለራሴ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። በክፍልዎ ታይቼ ከማህፀኔ በር ላይ ናሙና ተወስዷል። በእኛ ሙያ ናሙና ማለት ደንበኛ ቀለሙን አይቶ እንዲመርጥ የሚቆረጥ ብጣሽ ጨርቅ ነው፤ ማንንም አስፈርቶ አያውቅም። የእኔው ብጣሽ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብዬ ነበር፤ ይኸው ወር ሞላው።

1. ካርድ ሳወጣ ስልኬ ተበላሽቶ ስለነበር የታላቅ ወንድሜን ቁጥር አስመዘገብኩ። ለእሱ የነገርኩት ሆዴን አሞኛል ብዬ ነው። ማህፀን የሚለውን ቃል ለወንድም መናገር እንዴት እንደሚከብድ እርስዎ በሥራዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

2. ባለፈው ሐሙስ ከክፍልዎ ሲደወል ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ምን እንዳሉት ብጠይቀው፣ "ምንም፤ ሰው ይዛ ትምጣ ነው ያሉት" አለኝና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ለደግ ነገር ሰው ይዘሽ ነይ የተባለች እስካሁን አላየሁም። ምናልባት የክፍሉ ልማድ ይሆናል፤ ምናልባት ለፊርማ ይሆናል። ይህን ለራሴ እየነገርኩ፣ ትናንት የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁ። እናትየዋ "ምን ነካሽ?" ብትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት።

3. ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ደግ ሆኖብኛል። ወንድሜ "አንቺ ነዝናዛ" ማለቱን ተወ። ባልዲዋን በነካሁ ቁጥር የምትነጫነጭብኝ ሚስቱ "እኔ ልጠብልሽ" ብላ ልብሴን ከእጄ ቀማችኝ። ወደ ሳሎን ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ክቡር ኃላፊ፣ ስድባቸው ናፈቀኝ ብል ይታዘቡኛል?

4. የምፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። አክስታችን ስትታመም ሐኪሙ ለቤተሰቡ ወንዶች ነገራቸው እንጂ ለእሷ አልነገራትም። ጨጓራ ነው ተባለች። ወተት እየጠጣች መዳኗን ጠበቀች። እኔም እንደ እሷው ጨጓራ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። በክፋት አላደረጉትም፤ ማዘናቸው ነበር። ግን አክስቴ የምትሰናበተው፣ የምትታረቀውም ሰው እንደነበራት ማን ጠየቃት?

ስለዚህ፦

ሀ) ውጤቱ ደርሶ ከሆነ ዛሬውኑ እንዲነገረኝ፣ ካልደረሰም አለመድረሱ እንዲነገረኝ፤

ለ) የወንድሜ ስልክ ቁጥር ከካርዴ ላይ ተሰርዞ፣ ማንም ቢጠይቅ መልስ እንዳይሰጥ፤

ሐ) በጎም ሆነ ክፉ፣ በሚገባኝ ቋንቋ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ለእኔ ብቻ እንዲነገረኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ሳነበው የደፋር ሰው ጽሑፍ መሰለኝ። አይደለሁም። እንደ አሁኑ ፈርቼ አላውቅም፤ የእጅ ጽሑፌ የተበላሸውም ስለዚህ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲነግሩኝ ላለቅስ እችላለሁ፤ ልጮህም እችላለሁ። እባክዎ፣ አለቀሰች ብለው ግማሹን አያስቀሩብኝ። አልቅሼ እስክጨርስ ይጠብቁኝና የቀረውን ይንገሩኝ።

ከበርዎ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ ዩኒፎርም ሰፊዋ