የሩክሳና ፓስፖርት

ይድረስ ለልጄ ለወዲዕ፣ በርሊን፤

ከጀልባው ከወረድክ ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፣ አላህ ይመስገን።

ሠራተኛዬ ሩክሳና ጠፍታ ነበር። ፓስፖርቷን መሳቢያዬ ውስጥ ስለቆለፍኩት ያለ ወረቀት ስትዞር ከርማ፣ ዳቦ ቤት እንደተሰለፈች ፖሊስ ያዛት። ከጣቢያ ደውላ "ማዳም፣ የኔ ናት ይበሉልኝ" አለችኝ።

"ማን ውጪ አለሽ? አላውቅሽም" ብዬ ዘጋሁባት።

አዲሷ ሠራተኛዬ ሕጋዊ ናት፤ እሷንም ስወጣ በር እቆልፍባታለሁ።

ጎረቤታችን ዋዲዳ "ትንሽ አታሳዝንሽም?" ስትለኝ፣ "ወረቀት የሌለው በሰው አገር ምን ይሠራል?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ያንተ ወረቀት ጉዳይ ከሐሳቤ አይወጣም፤ እስካሁን አልሰጡህም?

አንተ ዳቦ የምትገዛው ራስህ ነህ? ሌላ ሰው ይግዛልህ።

አክስቶችህ ሰላም ብለውሃል። አንተም ለአሠሪህ ለሴትዮዋ ሰላም በልልኝ። ስልክ ሲደወልላት ታነሳለች?

የምትናፍቅህ እናትህ ናዚራ፣
ትሪፖሊ፣ ሊባኖስ