የእርስዎን ሥራ ከእኔ በላይ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም አልቻልኩም። የስድስት ወሩ ሪፖርት የኃላፊዬ የአቶ ሙሉነህ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜ ግን እኔ ላይ ይጥሉታል። ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ላይ «'እኔ' ብላችሁ ጀምሩና የሚሰማችሁን ፊት ለፊት ተናገሩ» ተብለን ነበር። ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ ቢሮ እስክደርስ «እኔ የእርስዎን ሥራ ደርቤ መሥራት አልችልም» እያልኩ ተለማመድኩ።

ፊታቸው ስቆም ግን ከአፌ የወጣው «ጋሼ፣ የእርስዎን ሥራ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም» የሚል ሆነ። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የተማርኩት ይኸንኑ ነው፤ ቅሬታን በምስጋና መጠቅለል። እዚያ ብሆን ወርቁን የሚፈታልኝ አላጣም ነበር።

አቶ ሙሉነህ ግን ከልባቸው ደስ አላቸው። ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ተባረክ መሪጌታ!» አሉኝ እንደ ልማዳቸው። «እንዲህ የሚረዳኝ ሰው ነው ያጣሁት። እንግዲያው የመጪውንም ስድስት ወር እቅድ አንተው ሥራልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

በዚህ ዕድሜዬ! ቀኑን ሙሉ ያለ ቅኔ የተናገርኳት ቃል እሷ ብቻ ናት።