ጓዳ ውስጥ የቀረው ነፋስ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኦግዌኖ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን የሚጠዘጥዝህ ብርድ ለቀቀህ ወይ? የእናታችን ዓይንስ እንዴት ሆነ? ባለቤትህ አጅዋንግ፣ ትንሹ ልጃችሁ ኦንዲጎስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ናይሮቢ ዝናቡ አላባራ ብሎ የክፍሌ ግድግዳ ያልበዋል። ለአንድ ሰው ኡጋሊ የሚበቃ የበቆሎ ዱቄት መመጠን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል።

ባለፈው በስልክ፣ "ማሽንሽ ሐይቁ ረግቷል ይለኛል፤ ነፋሱ ግን የማድቤቱን ቆርቆሮ ይዞት ሄደ!" ብለህ ሳቅክብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ቢሮአችን የሚልከው የአየር ትንበያ መልእክት በየመንደሩ ላለው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ነው የሚደርሰው፤ አንዱ አምኖት ጀልባውን ቢያወጣስ? ለአለቃችን ብነግረው፣ "ዓሣ አጥማጅ ማጋነን ይወዳል" አለኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሙቱዋም፣ "አንቺ የሐይቅ ልጅ፣ ወንድምሽ ቆርቆሮውን ጠበቅ አድርጎ ይምታ!" ብሎ አላገጠብኝ። ብቻዬን ተቀምጬ መልእክቱን የሚጽፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መስመር በመስመር አነበብኩት።

ፋንክሽን የምንለው፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ እንደ ጓዳ ያለ ክፍል አለ። ይህ ጓዳ የነፋሱን ኃይል ይቀበልና "ነፋስ" በሚል ስም ያስቀምጠዋል። ከጓዳው ውጪም "ነፋስ" የሚባል ሌላ ስም አለ፤ ሲጀመር ዜሮ ተብሎ የተቀመጠ፤ መልእክቱ የሚጻፈው እሱን አይቶ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሁለቱ አንድ መስለውታል። ግን ጓዳ ውስጥ ለስም የተሰጠ ነገር የጓዳው ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል፤ የውጪው ንቅንቅ አይልም። እናታችን ከጠየቀችህ፣ ትንሹን ኦንዲጎ ገንፎ ብናበላው ስሙን ያወረሰው አያታችን መቃብር ውስጥ አይጠግብም በላት።

ጓዳው ያገኘውን ይዞ እንዲወጣ፣ የውጪው ስምም እንዲቀበለው አድርጌ አስተካከልኩት። ሙቱዋ አየና "ይኸው ነው በቃ?" ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወደ ልጆቹ ሄደ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ባዶ ወንበሮቹን ሳይ ቆየሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መልእክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ብርቱ ነፋስ ይመጣል፤ ጀልባ አታውጡ" ብሎ ወጣ። ደወልኩልህ፤ አይሠራም። ደጋግሜ ደወልኩ። ከእንግዲህ ማሽኔን መች ያምነዋል፣ ውኃው ላይ ነው ብዬ ሰጋሁ። ከሰዓት በኋላ አጅዋንግ ደውላ፣ ከዳር ሳትርቅ መልእክቱን አይተህ "እስቲ ዛሬ ልመናት" ብለህ እንደተመለስክ፣ ጀልባውን ስትጎትት ስልክህ ውኃ ውስጥ እንደገባ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ "ለሐይቁ ሰው ሁሉ ጽፋለች፤ ለእኛስ ምን አለች?" ማለትህን ነገረችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። አጅዋንግን ስለ መደወሏ አመስግንልኝ። ኦንዲጎን አገላብጠህ ሳምልኝ። መልስህን በሰው ስልክ አትላክብኝ፤ በእጅህ ጻፍልኝ፤ ማታ ማታ የማነበው እንዲኖረኝ።

እኅትህ አቾላ
ናይሮቢ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2023