አባባ በሽማግሌ የጠየቁልኝ ሥራ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እታለም ባንቺአየሁ፣ ሞያሌ።

እንዴት ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ራስ ምታትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጠመኔ ይዘሽ ሰሌዳ ፊት ስትቆሚ ይነሣብሻል? ጋሼ ባምላኩስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ አካሌ ጤና ነው። ይህን ወረቀት የያዝሁት ከአካሌ ውጭ ያለውን ልነግርሽ ነው። በስልክ ስትጠይቂኝ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አፌ አይፈታልኝም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ደብዳቤውን የጓደኛዬ የቴዎድሮስ አጎት፣ እህል ጭኖ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሾፌር፣ ያደርስልኛል።

ከተመረቅሁ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንቺ ዩኒቨርስቲ ጨርሰሽ በዕጣ ሞያሌ ሲደርስሽ እማዬ «ልጄን ከአገር አወጡብኝ» ብላ ሳምንት ሙሉ ማልቀሷ ትዝ ይልሻል? አሁን ዕጣውም ቀርቷል። እኔና ቴዎድሮስ ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተን ሥራ ፍለጋን ራሱን ሥራ አድርገነዋል። ሰኞ የዚህን ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች እንዞራለን፣ ረቡዕ ቡሬ፣ ዓርብ ደምበጫ። መንገድ የተዘጋ ቀን ቤት ተቀምጠን ቴሌግራም እንጠብቃለን፤ እሱም ኔትወርክ ካለ ነው።

ቴዎድሮስ ከእኔ ይልቅ ብልጥ ነበር። «ዲግሪ ያለው ሰው አይቆይልንም» እያሉ ሲመልሱት የምህንድስና ዲግሪውን ደብቆ በስምንተኛ ክፍል ካርዱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ገባ። ሁለት ወር እንደ ሠራ የተበላሸ ሚዛን ሲያስተካክል አዩትና «አንተማ የተማርህ ነህ» ብለው አሰናበቱት። ክረምት ላይ ደግሞ የሥራ አፈላለግ ስልት የሚባል ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ ፈታኙን ዐይን ዐይኑን እያያችሁ መልሱ፣ ራሳችሁን አወድሱ አለን። እኛ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን መስማት ነው የተማርነው። እንደተባልሁት ዐይን ዐይኑን ያየሁት የመጀመሪያው ፈታኝ በልቡ ባለጌ ሳይለኝ አልቀረም።

መስከረም ላይ ቡሬ ያለ አንድ የእህል ማኅበር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ለጠፈ። ለአንድ ወንበር ከሦስት መቶ በላይ ሆነን ተመዘገብን። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣሁ። እታለም፣ ስሜን ከሁሉ በላይ ሳየው እየሄድሁ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አነበብሁት። የቀረኝ የቃል ፈተናው ብቻ ነበር። ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ለአባባ ደወልሁ። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!

አባባን ታውቂያቸዋለሽ። «ልጄ ጠያቂ ዘመድ የሌለው እንዳይመስላቸው» ብለው፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ፣ ጎረቤታችንን አቶ ወንዳወቅንና አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ አንድ ገንቦ ማር አስይዘው ቅዳሜ ከቤታችን ከገበዝ ማርያም ቡሬ ወረዱ። እሑድ እዚያው አስቀድሰው ሲያበቁ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ፣ ተቀመጡ ቢባሉ፣ «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ። የጋሼ ባምላኩ ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ እኛ ቤት ሲመጡ እንዲሁ አልነበር የቆሙት? አባባ ስንቱን ደመኛ ያስታረቁት እንዲሁ ቆመው ነው። በእሳቸው ቤት፣ ትልቅ ነገር የሚጠየቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መስቀላቸውን ተሳልሞ «እሺ አባ፣ ይቀመጡ» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር እያየ ቄስ ደጁ ላይ ቆሞበት ምን ይበል? ማሩን ግን አልተቀበለም። አባባ ይሉኝታው ነው ብለው እየመረቁት ተመለሱ።

ማክሰኞ ለቃል ፈተናው ስሄድ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። ተወዳዳሪው በአማላጅ ተጽዕኖ ለማሳደር ስለሞከረ ከውድድሩ ተሰርዟል ይላል፣ ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ተጽፎ። ስህተት መሰለኝ። ጸሐፊዋን ብጠይቃት ቀና ብላም ሳታየኝ «አባትህን ጠይቅ» አለችኝ። እዚያው በር ላይ ሆኜ ደወልሁላቸው። አባባ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ በደስታ ተረኩልኝና መቼ እንደምጀምር ጠየቁኝ። «ጀምሬያለሁ» አልኋቸው።

የተቀጠረው በጽሑፍ ፈተናው ዘጠነኛ የወጣ ልጅ ነው። የእሱ አማላጆች በስልክ እንደመጡ ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ደጅ አልቆሙ፣ ጎረቤት አላያቸው። እኔ የተሰረዝሁት ስለተማለደልኝ አይደለም። አባቴ በጠራራ ፀሐይ፣ በጥምጥማቸውና በመስቀላቸው፣ ሰው እያየ ስላማለዱኝ ነው። ይኸ ነው ሐሞቴን ያፈሰሰው። ያን ቀን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አባባን ጠላኋቸው። ይህን የነገርሁት ለአንቺ ብቻ ነው፤ ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር እሳቸውም የአባባ ጓደኛ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ውሸቴን ይዤ እኖር ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አባባ ደወሉ። የአቶ ወንዳወቅ ልጅ ውዳሴ ደምበጫ ለወጣ የመዝገብ ቤት ሥራ ተፈትና አንደኛ ወጥታለች። አባቷ «የእርስዎን ልጅ እንዳስቀጠሩት የእኔንም» ብለው ለመኗቸው። አባባም የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይዘው ኃላፊው ደጅ ሊቆሙላት ነው። ከእሷ ኋላ ሌሎች ሁለት ቤቶች ተራ ይጠብቃሉ አሉኝ። እንደዚያን ቀን ኮርተው ሰምቻቸው አላውቅም። ልጅቷን ታስታውሻታለሽ፤ በጋ ከክረምት ወንዝ ተሻግራ የተማረች ልጅ ናት። ዝም ካልሁ የእኔ ስም ያለበት ዓይነት ወረቀት በስሟ ይለጠፋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ቤት እሄዳለሁ። አባባንና አቶ ወንዳወቅን አንድ ላይ አስቀምጬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አባባ ሥራ የለኝም ማለቴን ይችሉታል። የማይችሉት ያሳጡኝ እሳቸው መሆናቸውን ነው፤ ያንን ሳልናገር ደግሞ ለውዳሴ ያሰቡትን ሽምግልና ማስቀረት አልችልም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቅዳሜ አልፏል። አባባ ምናልባት ደውለውልሽ አልቅሰው ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ ዝም ብለው ይሆናል። እባክሽ አንቺ ደውይላቸውና «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» በያቸው። እኔም እላቸዋለሁ። ነገር ግን እስካሁን ከልቤ አልሆነልኝም፤ አርባ ዓመት የሰው ንስሐ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ደግሞ ከአንገት በላይ የሆነውን ይለዩታል።

ጋሼ ባምላኩን ጉልበት ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ሜላትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቴዎፍሎስ ሳድግ እንደ አጎቴ ሒሳብ እማራለሁ ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ምንም አትበይው፣ ይማር። ጎረቤትሽን እትዬ ካሰችንም እንዴት ናችሁ በይልኝ።

ወንድምሽ ይታገሱ ገብረሰንበት
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.