ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው

ልጄ ኤፍራይን፣ በሰው አገር የሚወድህ አይጥፋ። እኛ ደህና ነን። ብዕር ስይዝ ጣቴን ስለሚያመኝ የምትጽፍልኝ እህትህ ኖኤሚ ናት።

አባትህ ዓይኑ ደክሞ ሳለ በዚያ በባሕሩ ጥግ ባለው የገደል መንገድ እኔ ካልነዳሁ ማለቱ እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ትናንት ይህቺ ዝምተኛ እህትህ፣ «አባዬ፣ አንተ ስትነዳ እፈራለሁ» አለችው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ አስገደድኳት።

ቅዳሜ ለሽርሽር ከቤታችን ከሳሊናስ ስንነሳ በወይን እርሻዎቹ በኩል እንወርዳለን። ፒስሞ ከተማ፣ የባሕሩ አሸዋ ዳር አድረን በባሕሩ በኩል ስንመለስ ተራራውን ተጠግቼ ነው የምነዳው፤ ገደሉ ከመንገዱ ማዶ ይቀራል። አባትህ፣ «ሾፌር ካገኘሁማ ወይኑን አንድ በአንድ እቀምሳለሁ!» እያለ ይስቃል።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ስትደውል ግን አደራ፣ ስለ ዓይኑ አትጠይቀው፤ የትኛው ወይን እንደጣመው ጠይቀው።

እናትህ