በስልክ ውስጥ የቆመው አግዳሚ ወንበር

ይድረስ ለእህቴ ለፔኒና፣ ኦክላንድ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከዝናቡና ከአክስታችን ምክር በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ ደህና ነን።

ከተማችን አፒያ ልታምር ነው። ማክሰኞ ዕለት ሩታ የምትባል የከተማው መሐንዲስ መጥታ፣ አዲሱን የባሕር ዳር መንገድ እዚሁ ደጃችን ቆማ በስልኳ አሳየችን። ስልኩን ወደ ግቢው ስታዞሪው ገና ያልተሠራው ሁሉ በቦታው ቆሞ ይታያል፤ ዛፉ፣ መብራቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ። አባባ ዓይኑን አጥብቦ አየና፣

«ልጄ፣ ይሄ ወንበር ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?» አላት።

«የደከመው ሁሉ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሚስቴ ላይ ነዋ የሚቀመጠው!»

ልጅቷ ደነገጠች። ፕላኑ እዚሁ ደጃችን ያለውን የእማማን መቃብር «የሲሚንቶ በረንዳ» ይለዋል። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ቀያሾቹ የመጡ ዕለት እዚያው ላይ አስቀምጠን ካካዎ ያጠጣናቸው እኛ፣ ልብስ ያሰጣንበትም እኛ።

ሩታ ወንበሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ መቃብሩን ስልኩ ውስጥ አስገባችው። «እዚህ ላይ ቀላል ነው፤ የሚወስኑት ግን አለቆቼ ናቸው» አለች። አባባ አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ ግን ምንጣፉን አውጥቶ የቀን እንቅልፉን የሚተኛው መቃብሩ ላይ ነው። ለነፋሱ ነው ይላል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ ቀደም አድርገሽ ለገና ብትመጪስ? ትኬት በገና እንደሚወደድ አውቃለሁ፤ ማንጎው ግን የሚበስለው ያኔ ነው።

ሁሉም ሰላም ይሉሻል። እማማም ከደጃችን ሆና ሰላም ትልሻለች፤ እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ እዚያው ናት።

ወንድምሽ ታቪታ